ቦንጋ ቀረብን፤ ቅዳሜና እሁድን ከልጄ ጋር ጅማ ላይ እንዴት እናሳልፍ?

እናት ከሰበታ (ዓርብ ማታ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው።

የ8 ዓመት ልጄን ይዤ ቦንጋ ወንድሜ ጋ እየሄድኩ ነበር። ወንድሜ እዚያ ነው የሚሠራው። ባርታ ፏፏቴን አሳይሃለሁ ብሎ ለልጁ ቃል ገብቶለት ነበር። ዛሬ ከሰዓት ጅማ እንደደረስን ደወለልኝ። በሥራ ምክንያት በድንገት ወደ ሩቅ ወረዳ ተልኳል፤ ከማክሰኞ በፊት አይመለስም። እሱ ሳይኖር ልጅ ይዤ በማላውቀው ጫካ መዞር አልፈልግም። ስለዚህ ጉዞው ጅማ ላይ ቆመ። አልጋ ይዘናል። ለሰኞ ከሥራም ከትምህርት ቤትም አስፈቅጄ ስለነበር የምንመለሰው ሰኞ ማለዳ ነው።

ልጁ ሰሞኑን ሁሉ ፏፏቴ ፏፏቴ ሲል ነው የከረመው። ስነግረው አላለቀሰም። ጫማውን አወለቀና አልጋው ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ጅማን የማውቃት በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነው። ሁልጊዜ አልፈናት ነው የምንሄደው። ጅሬን የሚባል ቤተ መንግሥት እንዳለ ሰምቻለሁ። ግን ለ8 ዓመት ልጅ ቤተ መንግሥት ምኑ ነው? የከተማውን ሰዎች የምጠይቀው የቦታ ስም ብቻ እንድትደረድሩልኝ አይደለም። ልጅ ይዞ የዞረ ሰው ካለ፣ ከምን ልጀምር? ምንስ ልተው?

የጅሬን ልጅ (ዓርብ ማታ)

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ጅማን አልፎ መሄድ የሁሉም ሰው ልማድ ነው። ወደ ቦንጋ፣ ወደ ሚዛን፣ ወደ መቱ የሚሄድ ሁሉ ምሳ በልቶብን ነው የሚያልፈው። በዚህ ሁልጊዜ ይከፋኛል። ስለዚህ በደንብ ልመልስልሽ።

ከጅሬን ጀምሪ። ነገ በጠዋት፣ ቁርስ በልታችሁ ወዲያው። ከመሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኮረብታ ላይ ነው። ለልጅ ቤተ መንግሥት ምኑ ነው ላልሽው፣ እኔ ያደግኩት ከኮረብታው ሥር ነውና አንድ ነገር ልንገርሽ። ትላልቅ ሰዎች የሚያዩት ታሪኩን ነው። ልጅ የሚያየው ደረጃውን፣ ረጅሙን የእንጨት በረንዳና ከላይ ሆኖ ቁልቁል የሚታየውን ከተማ ነው። በረንዳው ላይ ቁሙና ያረፋችሁበትን ሰፈር ከዚያ ላይ ይፈልገው። እኛ ልጆች ሆነን የራሳችንን ጣሪያ ፈልገን ለማግኘት እንጣላ ነበር።

ሁለተኛ፣ የንጉሡ ዕቃ ያለው መሀል ከተማ ያለው የጅማ ሙዚየም ውስጥ ነው። ቤቱን ካያችሁ በኋላ ወደ ዕቃው ሂዱ። በተቃራኒው ከሆነ ልጁ ዕቃው የማን እንደሆነ አይገባውም። ክፍት መሆኑን ጠዋት ያረፋችሁበት ቤት ሰዎች እንዲጠይቁልሽ አድርጊ።

ከዚያ በላይ በአንድ ቀን አትጨምሪ።

ወፍ ተመልካች (ዓርብ ማታ)

ቦዬ እንዳይረሳ! ከከተማ ሳትርቂ በአዲስ አበባ መንገድ በኩል ያለው ረግረግና ኩሬ ነው። ጉማሬ አለ። ወፉማ ተቆጥሮ አያልቅም። በማለዳ ወይ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው የሚሻለው። እኩለ ቀን ላይ ሙቀት ነው፣ ሁሉም ነገር ተደብቆ ነው የሚውለው።

ሁለት ነገር ግን አደራ። አንደኛ፣ ውኃው ዳር አትጠጉ። ጉማሬ ዝም ብሎ የተኛ ይመስላል እንጂ ከውኃ ሲወጣ ሰው አይቀድመውም። የምታዩት ከሩቅ፣ ከፍ ካለ ቦታ ነው፤ አካባቢውን የሚያውቅ ሰውም አብሯችሁ ይሁን። ሁለተኛ፣ ለልጁ «ጉማሬ እናያለን» ብለሽ ቃል አትግቢለት። አንዳንድ ቀን ከሩቅ ጆሮና አፍንጫ ይታያል። አንዳንድ ቀን ውኃ ብቻ ነው። ፏፏቴ ለቀረበት ልጅ ጉማሬም ከቀረበት ሁለተኛ ሐዘን ነው። «ወፍ ልናይ እንሂድ» በይው። ወፍ አይቀርም።

እማማ ሸዋ በር (ዓርብ ማታ)

ልጄ፣ እኔ የልጅ ልጆች አሳድጌያለሁ። ከሁሉ በፊት ልጁን አታባብይው። ፏፏቴውን የሚያስረሳ ነገር ልፈልግለት ብለሽ አትባዝኚ፤ አይረሳም። ልጅ ሲከፋው «ይሄኛው ይበልጣል» ሲባል የበለጠ ይከፋዋል። «ቀረብን፣ እኔንም ከፍቶኛል» በይው። መቅረቱን አንቺም እንዳልወደድሽው ይወቀው።

ከዚያ ነገ ከሚሆነው ነገር አንዱን እሱ ይምረጥ። የትኛውን ቀድመን እንሂድ፣ ምን እንብላ። ፏፏቴውን የወሰዱበት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ አሁን እሱም ወሳኝ ይሁን።

ጠዋት ጨጨብሳ በማር አብይው። የጅማ ማር ነው፣ ይወደዋል።

እናት ከሰበታ (ዓርብ ማታ)

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያሉትን አሁኑኑ አደረግኩት። ከጎኑ ተኛሁና እኔም ፏፏቴውን ማየት እፈልግ እንደነበር ነገርኩት። ቆይቶ «አንቺም አላየሽውም?» አለኝ። አላየሁትም አልኩት። ከዚያ ዞረልኝ። ነገ ምን ማየት እንደሚፈልግ ስጠይቀው «ከፍታ ቦታ» አለ። ስለዚህ ጅሬን በጠዋት።

ባጃጅ ስንት እንደሚጠይቅ የሚነግረኝ አለ?

ባለ ሦስት እግር (ዓርብ ሌሊት)

ባጃጅ ነጂ ነኝ፣ እዚሁ ጅማ። የዋጋውን ነገር እዚህ ብጽፍልሽ ነገ ነዳጅ ሲለወጥ ውሸታም እሆናለሁ። ይልቅ ዘዴውን ልንገርሽ። ያረፍሽበት ቤት ያሉትን «ጅሬን ደርሶ መልስ ኮንትራት ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። የነገሩሽን ይዘሽ ውጪ። ስትስማሚ ደርሶ መልስና የሚጠብቅበትን ጨምረሽ ተስማሚ። ላይ ጥሎሽ ከሄደ ሌላ ባጃጅ ላታገኚ ትችያለሽ። ልጁን መሀል አስቀምጪው፣ ዳር አይሁን፤ አቀበቱ ላይ ይወዛወዛል።

ልጁ ኳስ ይወዳል? ሾፌሩን ስለ ጅማ አባ ጅፋር ይጠይቀው። በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ በገባንበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ በላን። ያን ዓመት የማያነሳ የጅማ ባጃጅ ነጂ የለም፤ መንገዱ ሳይታወቀው ያልቅለታል።

የታሪክ መምህር (ቅዳሜ ማለዳ)

ወደ ጅሬን ከመውጣታችሁ በፊት ይህን ብታነቢለት ደስ ይለኛል። ለልጅ እንዲሆን አሳጥሬዋለሁ።

በዚህ አካባቢ ድሮ አምስት የጊቤ መንግሥታት ነበሩ፤ ሊሙ ኢናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ። የጅማን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ የመሠረቱት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ናቸው። የጅሬኑ ቤተ መንግሥት የሚታወቀው ግን በዳግማዊ አባ ጅፋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ሲነግሡ ገና ወጣት ነበሩ። እናታቸው ገነ ጉሚቲ ብልህ ሴት ነበሩ፤ በምክራቸው ይታወሳሉ። የሸዋ ጦር ወደ ጊቤ ሲመጣ አንዳንድ ጎረቤቶች ተዋግተው አገራቸው ጠፋ። አባ ጅፋር ግን ለምኒልክ ግብር እከፍላለሁ ብለው ተስማሙ። በዚህም ጅማ የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ ለአሥርት ዓመታት ቆየች። እ.ኤ.አ. 1932 ላይ የእሳቸው ዘመን ሲያበቃ ነው ያ የቀረው።

ቁመታቸው በጣም ረጅም እንደነበር ይነገራል። ልጁ በሮቹን አይቶ ከቁመታቸው ጋር ያነጻጽር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ ላይ ሰው ላይስማማ ይችላል። የጅማ ብልጽግና ከንግድ ነው የመጣው። የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር የሲራራ ነጋዴ የሚመጣበት ነበር። ቡና፣ ማር፣ የዝሆን ጥርስ ይሸጥ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። ልጁ «ይህን ሁሉ ማን ሠራው?» ብሎ ቢጠይቅሽ ይህን አትደብቂው። የ8 ዓመት ልጅ ይገባዋል። የውቡን በረንዳ ታሪክ ነግረን የተሸጡትን ሰዎች መዝለል ልክ አይመስለኝም።

የጅሬን ልጅ (ቅዳሜ ማለዳ)

ጋሼ፣ እውነት ነው ያሉት። ግን ለመዝናናት ለመጣ ልጅ፣ ያውም ለከፋው ልጅ፣ የባሪያ ንግድ? ሲያድግ አይማረውም? እኛ ጅሬንን የምንወደው ኩራታችን ስለሆነ ነው። እንግዳ ይዞት የሚሄደው ነገር ይህ ሲሆን ትንሽ ያመኛል።

የታሪክ መምህር (ቅዳሜ ማለዳ)

ያልከው ይገባኛል። ካልጠየቀ አትንገሪው ነው የምለው፤ ከጠየቀ ግን አትዋሺው። ኩራታችንም አይነካም። በዚያ ዘመን ያልነገደ መንግሥት ብዙ አልነበረም፣ ከሰሜን እስከ ደቡብ። የጅማ ብቻ ኃጢአት አድርገን ከነገርነው እኔም አልስማማም።

እናት ከሰበታ (ቅዳሜ ማታ)

መጣን። ልጁ ተኝቷል፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ነገ ከነገ ወዲያ ልጅ ይዞ የሚመጣ ሌላ ሰው ይጠቀምበት ይሆናል።

ጠዋት ጨጨብሳው በማር ቀርቦ ልጁ ሳህኑን በጣቱ ጠረገ። ባጃጁን ባላችሁኝ መንገድ ተስማማን። ሾፌሩ ስለ 2010ሩ ዋንጫ ሲያወራ ልጄ አላስቆመውም፤ ጅሬን ደርሰንም «ቆይ ይጨርስልኝ» ብሎ ባጃጁ ውስጥ ቀረ።

ግቢው ፀጥ ያለ ነበር። ሌላ ጎብኚ ጥቂት ነው ያየነው። በረንዳው ላይ ወጥተን ያረፍንበትን ሰፈር ፈለግን፤ አላገኘነውም። ያገኘው የመስጊድ ሚናራ ነበርና በእሱ ተነስቶ መንገዱን በጣቱ እየተከተለ እስከ መናኸሪያው ደረሰ። ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ እየነካ ሄደ። እጁን ልቆጣ ብዬ ተውኩት። አሮጌ እንጨት ሰው ሲነካው እንደሚለሰልስ እኔም የዚያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። እጅ የሚደርስበት ከፍታ ላይ ያለው ይለሰልሳል፤ ከዚያ በላይ ያለው ይሻክራል። ልጄ የሚደርስበት ከፍታም ለስላሳ ነበር። ከእሱ በፊት ብዙ ልጆች ነክተውታል ማለት ነው።

አስጎብኚው ስለ ንጉሡ ቁመት ሲነግረን በሩ ሥር ቆሞ ራሱን ለካ። ከዚያ ጋሼ መምህሩ እንዳሉት ጠየቀ። «ይህን ሁሉ እንጨት ማን ተሸክሞ አወጣው?» አለ። አስጎብኚው «ሕዝቡ» አለው። ልጄ ወደ እኔ ዞረ። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥንና በዚያ ዘመን ነፃ ያልነበሩ ሰዎች እንደነበሩ፣ ይሸጡና ይለወጡ እንደነበር ነገርኩት። አሁን እንደሌለም ነገርኩት። «ስማቸው ተጽፏል?» አለኝ። አልተጻፈም አልኩት። ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራም፤ ግን የከፋው ዓይነት ዝምታ አልነበረም። ወንድሜ የጅሬን ልጅ፣ ኩራታችሁን ይዘን ነው የወረድነው፤ እሱም እኔም።

ሙዚየሙ ክፍት ነበር። ብዙ አልቆየንበትም። የንጉሡን ወንበሮች ካየ በኋላ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የጅማ በርጩማ ሲሠራ ማየት። ሰው ጠይቀን የሚጠርቡበት ቦታ ሄድን። ጠራቢው አንድ ግንድ የዋንዛ እንጨት ጉልበቱ መሀል ይዞ ነበር። ልጄ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየ። መቀመጫውና ሦስቱ እግሮች ከአንድ ግንድ ነው የሚወጡት። ሚስማር የለ፣ ማጣበቂያ የለ። ልጄ የተሠራውን አንዱን ገልብጦ ሥሩን ሲመረምር ጠራቢው «ምን ጠፋብህ?» አለው። «ሚስማሩ» አለ። ሰውየው በደስታ መጥረቢያውን አስቀመጠና እግሩ ከመቀመጫው ጋር በሚገናኝበት ላይ የእንጨቱ መስመር ሳይቋረጥ እንዴት እንደሚወርድ በጥፍሩ እየተከተለ አሳየው። ትንሹን በርጩማ ገዛን። አሁን አልጋው ሥር ናት።

አመሻሽ ላይ ቦዬ ሄድን። ጉማሬ አላየንም። ቃል ስላልገባሁለት አልጠየቀኝም። ጋጋኖዎች እየጮሁ ወደ ማደሪያቸው ሲገቡ አየን። ራሳቸው ላይ ወርቃማ ዘውድ ያላቸው ረጃጅም ወፎችም ሁለት ሆነው ሣሩ ውስጥ ሲራመዱ አየን። «ንጉሡና ገነ ጉሚቲ» አላቸው።

ነገ ቡና ማየት ይፈልጋል። ወቅቱ ህዳር ነው፣ ለቀማ ላይ ናቸው ይባላል። የት ልውሰደው?

ወፍ ተመልካች (ቅዳሜ ማታ)

ሁለት ሆነው ያየሻቸው እነዚያ ባለ ዘውድ ወፎች ጥንድ ከሆኑ አብረው የሚኖሩ ናቸው። ዳንስም አላቸው፤ ክንፋቸውን ዘርግተው ይዘላሉ። ረግረጉ በእርሻና በግንባታ እየጠበበ ሲሄድ ማደሪያ እያጡ ስለሆነ ልጁ ማየቱ ደስ ብሎኛል። አድጎ ሲመጣም ቢያገኛቸው ምኞቴ ነው።

አጋሮ ቡና (ቅዳሜ ማታ)

ስለ ቡና ለእኔ ተዪልኝ። በመልኮ በኩል ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ውጪ። ከከተማ እንደወጣሽ የቡና ማሳ ነው። መልኮ ላይ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የአገሪቱ የቡና ምርምር እምብርት ነው፤ ነገር ግን እሁድ ስለሆነ በሩን አትቁጠሪበት። የሚሻለው የገበሬ ማሳ ነው። ብዙው ገበሬ ሙስሊም ስለሆነ እሁድ ለቀማው አይቆምም። መንገድ ዳር ያለ ቤት ሰላም ብለሽ «ልጄ ቡና አይቶ አያውቅም» በይ። እምቢ የሚልሽ ገበሬ አታገኚም።

ልጁን ይህን አስተምሪው። ቀዩን ብቻ ነው የሚለቀመው፤ አረንጓዴው ይቆያል። እሸቱን በጣቱ ይጫነው። ቅርፊቱ ይከፈትና ሁለት ፍሬ ይወጣል፣ ፊት ለፊት የተጣበቁ። የሚያዳልጠውን ሽፋን ይምጠጠው፣ ጣፋጭ ነው። ከዚያ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ያሳዩት። ከነቅርፊቱ የሚደርቀው ጀንፈል ነው። ተፈልፍሎ የሚታጠበው ሌላ ነው።

ገበሬውን ደግሞ «ዛፉ ቁጥር አለው?» ብሎ ይጠይቀው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ ማሳ ሲጨርስ ተመራማሪዎች በሽታው መሀል ሳይታመሙ የቆሙ ዛፎችን እየፈለጉ ሰበሰቡ። 74110፣ 74112 የሚባሉት ከዚያ የመጡ ናቸው። 74 ናሙናው የተመረጠበት ዓመት ነው። ዛሬም በብዙ ማሳ ላይ ያሉት እነሱ ናቸው። በዚያ ሥራ ያልተመሰገኑ ብዙ ሰዎች አሉ፤ የእኛን ቤት ያኖሩት እነሱ ናቸው።

ቀን ቢኖርሽ ወደ ጮጬ፣ የቡና መገኛ ወደሆነው፣ አወጣሽ ነበር።

የቦንጋ አረንጓዴ (ቅዳሜ ማታ)

ወንድሜ፣ መገኛው ከፋ ነው። ስሙንም ተወው፣ ዱር ውስጥ ማንም ሳይተክለው የበቀለውን ቡና ና እና እይ። ጮጬን አከብራለሁ፤ ግን ይህችን እናት አታሳስትብን።

አጋሮ ቡና (ቅዳሜ ማታ)

የቡና ጫካ በእኛም በእናንተም አለ። ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ይህ ጥያቄ አልነበረም፤ ሁላችንም ከፋ ነበርን። የካልዲ ታሪክ ጎማ ውስጥ ነው ብለው አያቶቼ ነግረውኛል፣ እኔም እነግራለሁ። አንተም የአያቶችህን ንገር።

የቦንጋ አረንጓዴ (ቅዳሜ ማታ)

በዚህ እንስማማ። እህቴ፣ ልጅሽ ነገ አጋሮ መንገድ ላይ ይልቀም፣ ሌላ ጊዜ የእኛን ይይ።

እማማ ሸዋ በር (እሁድ ጠዋት)

ልጄ፣ የምታጠፉት ነገር እንዳይኖር፣ ገበሬ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ስኳርና ዳቦ ያዢ። ቡና ሲቀርብልሽ ደግሞ እስከ በረካ ቆዪ፤ አቦሉን ጠጥቶ መነሳት ነውር ነው።

እናት ከሰበታ (እሁድ ማታ)

እማማ፣ ስኳሩንና ዳቦውን ይዤ ሄድኩ። እስከ በረካም ቆየሁ።

የትናንቱ ባጃጅ ነጂ አክስቱ በመልኮ መንገድ ላይ ማሳ አላት ብሎ እሱ ነው የወሰደን። አክስቱ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ልጄን ሲያዩ ስሙን እንኳ ሳይጠይቁ ትንሽ ቅርጫት ወገቡ ላይ አሰሩለት። ቅርጫቱ ላይ ያለው ማሰሪያ ለልጅ ልጆቻቸው የተሠራ ይመስለኛል፤ ለእሱ ልክ ነበር። ከዚያ ወደ ዛፎቹ ላኩት።

ቀዩን ለቀመ። መጀመሪያ ላይ ብርቱካናማውንም እየለቀመ ነበር። ሴትየዋ ከቅርጫቱ አንዷን አውጥተው ከቀይዋ አጠገብ በመዳፋቸው ላይ አስቀመጡለት። ምንም አላሉትም። ከዚያ ወዲያ አልተሳሳተም። እሸቱን ሲጫነው ፍሬዎቹ አምልጠው ሣር ውስጥ ገቡ። ተንበርክኮ ፈልጎ አገኛቸው። ሁለቱን ጠፍጣፋ ጎናቸውን አገናኝቶ መልሶ አንድ ሊያደርጋቸው ሞከረ፤ እያዳለጡት። ሽፋኑን ሲመጥ «ይሄ ቡና አይደለም፣ ከረሜላ ነው» አለ።

ቁጥሩን ጠየቀ። «ቁጥር አለው፣ እሱ ወንድሜ ያውቃል» አሉት። ወንድማቸው መጥተው 74110 ነው አሉን፤ ከጓሮ ያሉትን ጥቂት አሮጌ ዛፎች ደግሞ የአባታቸው የድሮ ዘር ናቸው አሉ። ልጄ በቁጥር የሚጠራውንና በአባታቸው የሚጠራውን ዛፍ ቅጠላቸውን እያገላበጠ ሲያነጻጽር አንድ ሰዓት አለፈ። ከላይ ሰሳው ላይ ጉሬዛዎች ነበሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እኔም ነኝ። ያ ጥቁርና ነጭ ጭራ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲወረወር ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን።

ማንም አይጠይቀኝም ግን ልናገር። የዚህ ጉዞ ዕቅድ እንደ ነበረው ቢሄድ ኖሮ ሁሉንም የሚወስነው ወንድሜ ነበር። መኪናው የእሱ፣ መንገዱን የሚያውቀው እሱ። እኔና ልጄ ከኋላ ተቀምጠን የሚያሳዩንን እናይ ነበር። እዚህ ግን ልጄ ወሰነ፣ እኔ ጠየቅኩ፣ ሰው መለሰልን። ልጄ የማያውቀውን ሰው ቀርቦ ሲጠይቅ ከዚህ በፊት አላየሁትም። ቤት ውስጥ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባ ልጅ ነው። እዚህ ጠራቢውን፣ ባጃጅ ነጂውን፣ እኚህን ሴት ራሱ ነው ያናገራቸው። ይህ ስለ ጅማ ሰው የምለው ነገር ነው፤ ልጅ ሲጠይቅ ቁጭ ብለው ይመልሳሉ።

ባለ ሦስት እግር (እሁድ ማታ)

ነጂው ማን እንደሆነ አወቅኩት መሰለኝ። ተራ ላይ ስለ አንድ ኳስ የሚወድ ልጅ ሲያወራ ነበር። ስለ መመለሻው፣ ለሰኞ ማለዳ ትኬት ቆርጠሻል? አውቶቡስ በጠዋት ነው የሚሞላው። ዛሬ ማታ ካልቆረጥሽ ነገ ተጋፍተሽ ነው።

እናት ከሰበታ (እሁድ ማታ)

ከሰዓት ቆረጥን። ልጁ መስኮት በኩል እንዲሆን ለምኜ ነው።

ዶርም ልጅ (እሁድ ማታ)

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ይህን መንገድ በየሴሚስተሩ እመላለሳለሁ። ልጁ ሰኮሩን አልፋችሁ ወደ ጊቤ በረሃ ቁልቁል ስትወርዱ እንዳይተኛ አድርጊ። ሹራቡን አስወልቂው፣ ሙቀቱ ሌላ ነው። መንገድ ዳር ዝንጀሮ አይጠፋም። ወንዙን ስትሻገሩ ቶሎ ነው የሚያልፈው፤ ቀድመሽ ንገሪው። ውኃው ወዴት ይሄዳል ካለሽ ወደ ኦሞ፣ ከዚያ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል በይው። ግልገል ጊቤ ላይ ከዚህ ከጅማ ዞን የሚመነጨው መብራት እናንተ ሰበታ ድረስ ይደርሳል።

የጅሬን ልጅ (እሁድ ማታ)

ምሰሶው እጅ በሚደርስበት ላይ ይለሰልሳል ያልሽው ነገር። ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ ስወጣና ስወርድ አስተውዬው አላውቅም። ነገ ወጥቼ አየዋለሁ። ስለ ባሪያ ንግዱም ጋሼ መምህር ልክ ነበሩ። ልጁ «ስማቸው ተጽፏል?» ማለቱን ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ በእኛ ቤተሰብም ከእንዲህ ያለ ሰው የተወለደች ሴት አያት እንደነበረች ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረኝ።

የታሪክ መምህር (እሁድ ማታ)

ስሟን ጠይቀውና ጻፈው። አባትህ እያለ።

የቦንጋ አረንጓዴ (እሁድ ማታ)

እህቴ፣ ልጅሽ ፏፏቴውን አሁንም ይፈልጋል? ባርታ ውኃው የሚሞላው ክረምት አልፎ መስከረም ላይ ነው። ያኔ መንገዱ ጭቃ ቢሆንም ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። የእግዜር ድልድይ የሚባለውን የተፈጥሮ ድልድይም ጨምራችሁ ታያላችሁ። ወንድምሽ ባይመቸው እኛ አለን።

እናት ከሰበታ (እሁድ ሌሊት)

ይፈልጋል። ዛሬም ጠይቆኛል። ወንድሜም ደውሎ ለመስከረም እክሳለሁ ብሏል። ለልጁ ግን ትኬት ሳልቆርጥ አልነግረውም። ሌላ ጊዜ ስንመጣ ጅማ ላይ አንድ ሌሊት እንደምናድር ብቻ ነግሬዋለሁ፤ ያ በእኔ እጅ ነው።